እትብቴን የጠየቁኝ ቀን

ኢሉባቦር፣ ኖፓ ውስጥ እንደኛ ላሉት ሰዎች አንድ ጥያቄ አለ፤ ማንም ጮክ ብሎ አይጠይቀውም፣ ማንም ጮክ ብሎ አይመልሰውም። ከዚህ ናችሁ ወይስ አይደላችሁም? ገበያ ላይ እንገበያያለን፣ ለቅሶ እንደራረሳለን፣ ኦሮምኛውን ካማርኛው አደባልቀን እንቀላለዳለን፤ ጥያቄው ግን እንዳለ ተቀምጧል። እናቴ ይህን ዝምታ እንደ አሮጌ የሣር ክዳን ነበር የምታየው። «አትነካኩት፤ ካልነካኩት አያፈስም» ትል ነበር።

እኔ ነኝ የነካካሁት፤ ያውም በስብሰባ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት።

እናትና አባቴ በድርቁ ጊዜ ከወሎ በመንግሥት መኪና ተጭነው የመጡ ናቸው። እኔ የተወለድኩት እነሱ በመጡ በሁለተኛው ክረምት፣ ከኖፓ ወጣ ብሎ በተሠራው የሰፈራ መንደር ውስጥ ነው። ጎጆዎቹ በገመድ ተለክተው በረድፍ የቆሙ ነበሩ፤ እናቴ «ሲጨልም የራሴን ቤት ከሰው ቤት መለየት ያቅተኝ ነበር» ትላለች። አባቴን ወባ ወሰደው፤ መልኩን አላስታውስም። እኩዮቼ ፊደል ሲቆጥሩ እኔ ከበቆሎ ማሳ ዝንጀሮ አባርር ነበር። ትምህርት ቤት የገባሁት ለአቅመ ሔዋን ከደረስኩ በኋላ ነው፤ በማታው ክፍል፣ በዕድሜ ከሚያንሱኝ ልጆች ኋላ ተቀምጬ። ቃል ላይ ችኮ የሆንኩት ከዚያ የተነሳ ይመስለኛል። ዘግይቶ የተማረ ሰው እያንዳንዱን ቃል ተከራክሮ እንደገዛው ዕቃ ያገላብጠዋል።

ነገሩ በሆነበት ዓመት ከእናቴ ጋር ኖፓ ከተማ ገብተን፣ እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቼ፣ ቅዳሜና እሑድ መቱ እየተመላለስኩ ሕግ እማር ነበር። የልዩ ልዩ አገሮችን ሕገ መንግሥት የምናነጻጽርበት ትምህርት ነበረን። መምህራችን በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ልጅ ነው፤ የምንጽፈውን ርዕስ በዕጣ አከፋፈለን። የእኔን ብጣሽ ወረቀት ገልጦ አነበበና፣ «እትዬ፣ የእርስዎ አሜሪካ ወጣ» አለኝ።

ከኋላ አንዱ፣ «እትዬ ዲቪ ደረሳቸው!» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። እኔም ሳቅሁ። ርዕሱ በቀድሞው የአሜሪካ ሕግ በውልደት ዜጋ መሆን ምን ማለት እንደነበር የሚጠይቅ ነው።

ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት፣ ፕሬዚዳንት የሚሆን ሰው በውልደቱ ዜጋ ሊሆን ይገባል ይላል። ምን ማለት እንደሆነ ግን አይፈታውም። ያልተፈታ ቃል ደግሞ እንቅልፍ ይነሳኛል። በመሬቱ ላይ መወለድ ነው? ወይስ ከዜጋ አባት መወለድ? ጸሐፊዎቹ ያደጉት በእንግሊዞች የቆየ ሕግ ውስጥ ነው። በዚያ ሕግ በንጉሡ ግዛትና በንጉሡ ጥበቃ ሥር የተወለደ ልጅ፣ አባቱ ከየትም ይምጣ፣ በውልደቱ የንጉሡ ዜጋ ነው፤ ጥበቃ ያደረገለት ታማኝነቱን ይወስዳል። የመጀመሪያው ምክር ቤታቸው በበኩሉ፣ ዜጎች ከባሕር ማዶ የወለዷቸው ልጆችም እንደ ተወላጅ ዜጋ ይቆጠሩ ብሎ ደነገገ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕጉን ሲያድሱት ግን «ተወላጅ» የምትለዋን አውጥተው «ዜጋ» የሚለውን ብቻ ተዉት። ለምን እንዳወጧት የነገረኝ መጽሐፍ አላገኘሁም። በሌላ በኩል ደግሞ ራሳቸውም አያቶቻቸውም እዚያው መሬት ላይ ተወልደው፣ ጥቁር በመሆናቸው ብቻ ዜጋ አይደላችሁም የተባሉም ነበሩ። መሬቱ አልመሰከረላቸውም።

አንዱ ነገር ብቻ አሳቀኝ። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ራሳቸው በውልደት አሜሪካዊ አልነበሩም፤ ሲወለዱ አገሪቱ የለችማ! ስለዚህ ሕጉ በጸደቀበት ጊዜ ዜጋ የሆነ ሰውም ይመረጣል የሚል ሐረግ ጨመሩበት። በሩን ከመዝጋታቸው በፊት ራሳቸው ገቡ።

ይህን በማነብበት ሳምንት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ፎቶ ኮፒ ቤቴ መጣ። ማታ አብሮኝ የተማረ ወጣት ነው። ከማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ ሦስት ዳኞች አንዱ ወደ መቱ ተዛውሮ ቦታው ክፍት ነበር። ማኅበራዊ ፍርድ ቤት የምንለው የቀበሌውን ትንሽ ችሎት ነው፤ የአጥር፣ የድንበር፣ ሰብል የበላ ከብት ጉዳይ ይታይበታል፤ ዳኞቹን እኛ ጋ ነዋሪው በስብሰባ ይመርጣል።

«አንቺን ልጠቁም ነው» አለኝ።

«ተው አንተ!»

«ሕግ ትማሪያለሽ፤ ኦሮምኛሽ ከእኔ ይሻላል፤ ሰው አትፈሪም።»

«እፈራለሁ እንጂ።»

«ዝም ስለምትይ አይታወቅብሽማ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ሰው ግን ሊነሱብሽ ይችላሉ» አለኝ።

ማንን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። የሰፈራው መንደር የተሠራው የእኚህ ሰው አባት ከብቶች በሚሰማሩበት ሜዳ ላይ ነው። ሽማግሌ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ወረቀት ሊያባዙ ሲመጡ «ኢንተላ» ይሉኛል፣ «ልጅት» ማለታቸው ነው። ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ወንበር ስሰጣቸው ግን ተቀምጠው አያውቁም።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ምን ጎደለሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ታስጠይቂናለሽ?»

«ማን ይጠይቀናል እማዬ?»

«እስከ ዛሬ አይደላችሁም ያለን የለም። እጅ አውጡ ተብሎ እጅ ካልወጣ፣ ተባልን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በየት በኩል ነው ገበያ የምወጣው? በየትኛው ፊቴ ነው ለቅሶ የምደርሰው?»

በዚያ ሰሞን ከሌላ ቦታ ተነሱ ስለተባሉ ሰፋሪዎች የሚወራው ወሬ ገበያውን ሞልቶታል። ከድሮው መንደራችን፣ ከእኛው ረድፍ፣ አንድ ቤተሰብ በሬዎቹን ሸጦ ማንንም ሳይሰናበት ሄዷል። ሰው ሲያገኘን ሰላምታውን ያሳጥራል፤ ወይም አለመጠን ያስረዝማል። ሁለቱም ያስፈራኝ ነበር። ዳኝነቱ ቢቀርብኝ እኖራለሁ። እናቴ በስተርጅናዋ፣ በአደባባይ፣ ከዚህ አይደለሽም ብትባል ግን እንዴት እንደምችለው አላውቅም። በነጋታው ሊቀ መንበሩን «ይቅርብኝ» ልለው ወሰንኩ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ያው የምጽፈው ጽሑፍ ነው። የእንግሊዞቹ ሕግ በመሬቱ ላይ ከተወለዱት ውስጥ ሁለት ልጆችን ለይቶ ያወጣል። አንዱ የባዕድ አምባሳደር ልጅ ነው። ሌላው የጠላት ሠራዊት አገሩን በወረራ ይዞ ሳለ የወለደው ልጅ ነው። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ ተመልሼ አነበብኩት። ሽማግሌው የሚያዩኝ እንዲህ ይሆን? ሳይጠየቁ መሬታቸው ተለክቶ፣ ሕዝብ ከመኪና ወረደባቸው። በእሳቸው ቦታ ሆኜ ሳየው ቅሬታቸው ከንቱ አልነበረም። አባቴ ግን የወረደው ዶማና የእርዳታ ስንዴ ይዞ ነው። ሠራዊት ነው ወይስ ምርኮኛ? መጽሐፉ እንዲህ ያለውን ልጅ አያውቀውም፤ ባለቤቱ ባልተጠየቀበት መሬት ላይ፣ ራሱ ሳይጠየቅ ከመጣ ሰው የተወለደውን። እኔ ግን ከዚህ መሆን አለመሆኔን ማወቅ ነበረብኝ። እናቴ ሰላም የምትለው ነገር ትንፋሽ ይዞ መኖር እንደነበር ያን ማታ ታወቀኝ።

«ጠቁመኝ» አልኩት ሊቀ መንበሩን። እናቴ እስከ ስብሰባው ቀን ድረስ በቅጡ አላናገረችኝም። ምሳዬን ታቀርባለች፣ ፊቷን ታዞራለች።

አዳራሹ ቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ ኮርኒስ የሌለው ሰፊ ክፍል ነው። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል። እናቴን አትምጪ ብያት ነበር፤ ዘወር ስል ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ አየኋት።

ስብሰባው የሚካሄደው በኦሮምኛ ነው። ሊቀ መንበሩ ስሜን ጠርቶ አስነሳኝ፤ የምማረውንና የምሠራውን ተናገረ። ጭንቅላቶች ተነቀነቁ። «አስተያየት ያለው?» ሲል ሽማግሌው ነጋዴ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በከዘራቸው ተደግፈው ቆሙ።

«ልጅቷን አልጠላትም» አሉ። «ሐቀኛ ናት። ዳኝነት ግን ሌላ ነው። ዳኛ የአገር ልጅ ነው።»

ከሴቶቹ በኩል አንዷ፣ «እሷስ ታዲያ ከሰማይ ወረደች?» ብላ ጣልቃ ገባች።

«ከመኪና» አሉ ሽማግሌው።

የሳቀ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«መኪናው ሲመጣ ማንም አልጠየቀንም። በአባቴ ሜዳ ላይ ገመድ ሲዘረጋ ለምን ያለ ሰው ታስሯል። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት ሄደ፣ ስንት ስብሰባ ተሰበሰብኩ፤ ይሁን ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ዛሬ እኔ ልጠይቅ። አንድ ጥያቄ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንተላ፣ ሀንዱራሽ የት ነው የተቀበረው?»

ሀንዱራ እትብት ነው። በእነሱም በእኛም ዘንድ የሕፃን እትብት ወላጆቹ ቤት ጓሮ ይቀበራል፤ ሰው ዕድሜ ልኩን አገሬ የሚለው ያንን ቦታ ነው። አዳራሹ ውስጥ ለነበረ ለሌላ ለማንም ሰው ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ነው።

ሰፋሪዎቹ ግን ሌላ ነገር ነው ያደረጉት። ሲጫኑ «ለአንድ ሁለት ክረምት ነው፣ ትመለሳላችሁ» ተብለው ነበር፤ አመኑ። ስለዚህ እናቶቹ እዚህ የወለዷቸውን ልጆች እትብት አልቀበሩም። ከሕፃኑ ላይ ሲወድቅ አድርቀው፣ በጨርቅ ቋጥረው፣ ከጎጆው ክዳን ሥር ሻጡት፤ አገራችን ስንገባ እንቀብረዋለን አሉ። በዚያ የገመድ ረድፍ ውስጥ የስንቱ ልጅ እትብት ጭስ እየጠጣ መመለሻውን ይጠብቅ ነበር። የእኔም እዚያው ነበር። መንግሥት ተለውጦ መንገዱ ሲከፈት አብሯቸው ተጭኖ የመጣው አጎቴ ወደ ወሎ ተመለሰ። እናቴ ልጅ ይዛ፣ ባሏን ቀብራ፣ የምትሄድበት አቅም አልነበራትም፤ ቋጠሮዋን ለወንድሟ ሰጠችው። እሱም ካያቶቼ ደጅ ቀበረው፤ እኔ አይቼው ከማላውቀው ደጅ።

ይህን የምናውቀው እኔና እሷ ነን። ከጓሯችን ብል ማን ሊቆፍር ነው? ወደ ኋላ ተመለከትኩ። እናቴ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገለጥ አድርጋ፣ በዓይኗ ብቻ «እዚህ በይ» አለችኝ። አፌን ስከፍት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ።

የኢሉባቦርን ዝናብ ከቆርቆሮ ሥር ሆኖ የሰማ ያውቀዋል፤ አጠገብህ ያለ ሰው ቢጮህ አትሰማውም። ሊቀ መንበሩ በእጁ ጠብቁ አለን። ሽማግሌው አልተቀመጡም፤ ቢቀመጡ ጥያቄያቸው አብሯቸው የሚቀመጥ ይመስል። እኔም አልተቀመጥኩም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል እየተያየን ቆምን። ውሃው በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ የሴቶቹን እግር ሲነካ እነሱ እግራቸውን ይሰበስባሉ፤ እኔ ሳልነቃነቅ አያቸዋለሁ።

ዝናቡ ባይመጣ ኖሮ ምን እንደምል አውቃለሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ የነበረው «እዚህ» የሚለው ነው። ነገር ግን ቆርቆሮው ሲጮህ ለማሰብ ጊዜ አገኘሁ። ነገ ሰው ፊቴ አቁሜ ድንበርህ የት ነው፣ ማልልኝ ስለው፣ የገዛ ድንበሬን ዋሽቼ? ይህ አንዱ ነበር። ሌላው ሽማግሌው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይጠየቁ ኖረው፣ አንድ ቀን እሳቸው ጠየቁ፤ በዚያች በአንዷ ጥያቄ ላይ ልዋሻቸው?

ዝናቡ ቀነሰ፤ ከዚያ ጠብ ጠብ አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«እዚህ አይደለም» አልኩ። «ወሎ ነው።»

ጉምጉምታ ተነሳ። ሽማግሌው ፊታቸው ላይ ደስታ ይመጣል ብዬ ነበር፤ አልመጣም። «ሰማችሁ፤ እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ራሷ ናት» ብለው ተቀመጡ። ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን ያያል። እኔ የማየው ወለሉን ነው። አበቃ፣ ተባልን፣ አልኩ በልቤ።

የኋላው አግዳሚ ሲንቋቋ ሰማሁ። እናቴ ተነስታለች። የእናቴ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ለሰላምታና ለዋጋ ይበቃል። በስብሰባ ላይ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ግማሹን ባንዱ፣ ግማሹን በሌላው አድርጋ ጀመረች፤ ድምፅዋ የኩርፊያ ድምፅ ነበር።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሷ ምን ታድርግ። እናንተን ማንም አልጠየቃችሁም፤ እውነት ነው። እኛንስ ማን ጠየቀን? ወዴት እንደምንሄድ የነገረን እንኳ የለም። ትመለሳላችሁ አሉን፣ አመንኩ። ሞኝ ነበርኩ። እሷን መላክ ቢያቅተኝ እትብቷን ላክሁ።» ትንፋሽ ወሰደች። «አባቷን ግን የቀበርኩት እዚህ ነው። እሱን በጨርቅ ቋጥሬ አላስቀመጥኩትም።»

ከክዳኑ ጫፍ የሚወርደው ጠብታ ይሰማል።

«የት?» አሉ ሽማግሌው፣ ሳይነሱ።

«ከመንደሩ በላይ፣ ከዋርካው ሥር። ቤተ ክርስቲያን ገና አልነበረንም።»

«የአባቴ ከብቶች ቀትር ላይ የሚያርፉበት ዋርካ?»

«አዎ። አባትዎ ቆመው ነበር። አፈር አብረውን መልሰዋል።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አዙረው አዙረው፣ «ይህን አልነገረኝም» አሉ። ለእናቴ ይሁን ለራሳቸው አልለየሁም።

ሊቀ መንበሩ «የምትደግፉ» አለ። መጀመሪያ በመስኮቱ በኩል፣ ያቺ ከሰማይ ወረደች ያለችው ሴት እጇን አወጣች። ከዚያ ከጎኗ፣ ከዚያ ከፊት አንድ ሁለት፣ ቀስ እያለ በቃ የሚባል ያህል ሆነ። «የምትቃወሙ» ሲል የሽማግሌውን እጆች አየኋቸው። ለድጋፉም ሆነ ለተቃውሞው ከከዘራቸው ላይ አልተነሱም።

አለፍኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ጭቃውን እየዘለለች ከፊቴ ትሄዳለች።

«ከጓሮ ብትይ ማን ይቆፍር ነበር?»

«ዳኛ ልሆን እኮ ነው እማዬ፤ ልዋሽ?»

«እውነቱን ከነገ ብትጀምሪስ?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም፤ አጥራችን አጠገብ ስንደርስ ቆመች።

«እንግዲህ አንቺ የተማርሽው ነሽ። አይደላችሁም አሉን?»

«አላሉንም።»

«ናችሁስ አሉ?»

አሰብኩ። «እሱንም አላሉም።»

«ይኸውልሽ» አለችና በሩን ከፈተች።

ጽሑፌን ጨርሼ ለመምህሩ ሰጠሁ። ጸሐፊዎቹ ቃሉን ሳይፈቱት እንደተዉት፣ ጥያቄውም በዘወትር ቀን ተኝቶ ሰው ለወንበር ሲቆም ብቻ እንደሚነሳ ጻፍኩ። «እትዬ፣ መደምደሚያው የታለ?» አለኝ። ሕጉም የለውም አልኩት። ነጥብ ቀነሰብኝ፤ አልተከራከርኩትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሽማግሌው ነጋዴ በአጥር ጉዳይ ጎረቤታቸውን ከስሰው እኔ ያለሁበት ችሎት ፊት ቆሙ። ቦታው ድረስ ሄደን አየን፣ ምስክር ሰማን፤ አጥሩን የገፉት እሳቸው ሆነው ተገኙ። ሦስታችንም ተስማምተን ፈረድንባቸው፤ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር ብለው፣ ተራ ለሚጠብቁት ሰዎች፣ «እኔ ቀድሜ ነግሬያችሁ ነበር፤ ከዚህ አይደለችም» አሉ። ሰዎቹ ሳቁ። የሽማግሌውን ፊት አየሁት፤ ይቀልዱ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

በነጋታው ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤቴ መጡ። ውሳኔውን አጣጥፈው ይዘውታል።

«ኢንተላ፣ ሁለት ኮፒ አንሺልኝ። በደንብ ይነበብ፤ ይግባኝ ልልብሽ ነው።»

«እሺ ጋሼ። ይቀመጡ።»

ወንበሩን አዩት፤ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ማሽኑ እስኪሞቅ ሁለታችንም መንገዱን አየን። የመጀመሪያው ቅጂ ሲወጣ ማኅተሙ ደብዘዝ ብሏል። ቀለሙን ጨምሬ እንደገና አነሳሁት።